ሕግ የለሽ ፍልሚያ? ስለ ኤምኤምኤ የሚታመነውና እውነታው

ኤምኤምኤ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ቅይጥ ማርሻል አርት የቦክስን ቡጢ፣ የሙዋይ ታይን የክርንና የጉልበት ምት፣ የሬስሊንግን ይዞ መጣል፣ የብራዚል ጁጂትሱን ማነቅና መገጣጠሚያ መጠምዘዝ በአንድ ሜዳ የሚያገናኝ የሙያ ውድድር ነው። ተመልካቹ ከዓመት ዓመት እየበዛ ቢሄድም፣ ስለ ስፖርቱ በሰፊው ከሚታመኑት ነገሮች ብዙዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስታወቂያ የተወረሱ፣ አለዚያም ዐይን ባየው ብቻ የተደመደሙ ናቸው። ደም ይታያል፣ የወደቀ ሰው ይታያል፣ ግዙፍ ሰውነት ይታያል፤ የዳኞቹ የነጥብ አሰጣጥ፣ የውሉ አንቀጽ፣ በፍልሚያው ዋዜማ ክብደት ለመቀነስ የሚፈሰው ላብ ግን ለተመልካች አይታይም። ውጤቱን የሚወስነውም ሆነ ተፋላሚውን ለከፋ አደጋ የሚዳርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የማይታየው ክፍል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው እምነት ፍልሚያው ሕግ የለውም የሚለው ሲሆን፣ ይህን ወሬ የዘሩት የስፖርቱ ጠላቶች ሳይሆኑ አዘጋጆቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1993 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ የተካሄደው የመጀመሪያው የዩኤፍሲ (የስፖርቱ ታዋቂ አዘጋጅ) ውድድር ለሕዝብ የተሸጠው ሕግ የለም በሚል ማስታወቂያ ነበር። በእርግጥም በዚያ ምሽት የክብደት ምድብ አልነበረም፤ ቦክሰኛው አርት ጂመርሰንም በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አጥልቆ ወደ ሜዳ መግባቱ ማንንም አላስቆመም። ያም ሆኖ መንከስና ዐይን መጓጎጥ ያኔም ቢሆን ክልክል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ648 በጥንታዊው የግሪክ ኦሎምፒክ የተጀመረው ፓንክራሽን የተባለው የትግልና የቡጢ ድብልቅ እንኳ እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ይከለክል ስለነበር፣ ፈጽሞ ሕግ የሌለው የሕዝብ ፍልሚያ በታሪክ ፈልጎ ማግኘት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ማስታወቂያው ግን ሥራውን ሠራ፤ በ1996 ሴናተር ጆን ማኬይን ውድድሩን ከአውራ ዶሮ ፍልሚያ ጋር አመሳስለው እንዲታገድ ለሃምሳዎቹም ግዛቶች አገረ ገዢዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ በ1997 የከለከለችው ኒው ዮርክም እገዳዋን ያነሣችው በ2016 ነበር።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራባቸው ወጥ የኤምኤምኤ ደንቦች መሠረታቸው የተጣለው በ2000 በኒው ጀርሲ ግዛት የስፖርት ተቆጣጣሪ ቦርድ ነው። በእነዚህ ደንቦች መሠረት ተራ ፍልሚያ እያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ የሆኑ ሦስት ዙሮች፣ የሻምፒዮና ፍልሚያ ደግሞ አምስት ዙሮች አሉት። በግንባር መምታት፣ ፀጉር መጎተት፣ ጣት መጠምዘዝ፣ ማጅራትንና አከርካሪን መምታት፣ የወደቀን ሰው ጭንቅላት መርገጥ፣ የሜዳውን አጥር መጨበጥና ሌሎችም ከሃያ በላይ ድርጊቶች በጥፋትነት ተመዝግበዋል። ከእነዚህ አንዱ የነበረው፣ በሰዓት ገጽ ላይ ከ12 ወደ 6 እንደሚሰመር መስመር ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርደው የክርን ምት፣ የደንቡን ጥብቅነት ብቻ ሳይሆን ግትርነቱንም ያሳያል። ብዙዎች ከዘመኑ ተፋላሚዎች ሁሉ የላቀ አድርገው የሚቆጥሩት ጆን ጆንስ በዲሴምበር 2009 ማት ሃሚልን ከሥሩ አስተኝቶ እየደበደበ ሳለ በዚህ ምት ምክንያት ከውድድር ውጭ ተደርጎ ተሸናፊ ተባለ። ከጎን ዞሮ የሚመጣው የክርን ምት ከዚህኛው ያላነሰ ጉዳት እያደረሰ ለምን እንደሚፈቀድ አሳማኝ መልስ አልነበረምና ክልከላው ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ተነሥቷል፤ የጆንስ ሽንፈት ግን እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ አለ። ሕግ የለሽ በሚባል ስፖርት ውስጥ አንድ ሰው የሚያሸንፈውን ፍልሚያ በክርኑ አቅጣጫ ምክንያት መነጠቁ፣ ስሙና ግብሩ ምን ያህል እንደተራራቁ ይናገራል።

ሁለተኛው እምነት ውጤቱ አስቀድሞ የተጻፈ ድራማ ነው የሚል ሲሆን፣ ምንጩ ኤምኤምኤን ደብልዩ ደብልዩ ኢ ከሚያቀርበው የትዕይንት ሬስሊንግ ጋር ማምታታት ነው። ልዩነቱን ለመረዳት እዚያው ኒው ጀርሲ መመለስ ይበቃል፤ የትዕይንት ሬስሊንግ ባለቤቶች በ1989 ከግዛቱ የስፖርት ቁጥጥር ለመውጣት ሲሉ ሥራቸው ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን ለሕግ አውጪዎች አምነው የተናገሩ ሲሆን፣ የኤምኤምኤ አዘጋጆች ግን ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በዚያው ግዛት ቁጥጥር ሥር ራሳቸው ፈልገው ገቡ። አንዱ ከዳኛ ሸሸ፣ ሌላው ዳኛ ጠራ። በ2023 ዩኤፍሲና ደብልዩ ደብልዩ ኢ ቲኬኦ ግሩፕ በተባለ አንድ ኩባንያ ሥር መጠቃለላቸው ጥርጣሬውን እንደገና ማነሣሣቱ አያስደንቅም፤ የተዋሐደው ግን ንግዱ እንጂ ፍልሚያው አይደለም።

ዩኤፍሲ የስፖርቱ ስም ነው የሚለው ስሕተት ከቃላት አጠቃቀም ያለፈ ነገር ስላለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዩኤፍሲ ውድድር የሚያዘጋጅ የግል ኩባንያ ሲሆን፣ በ2001 በ2 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ በ2016 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል፤ ከ1997 እስከ 2007 የጃፓኑ ፕራይድ ተፎካካሪው የነበረ ሲሆን፣ ዛሬም የሲንጋፖሩ ዋን ሻምፒዮንሺፕና የአሜሪካው ፒኤፍኤል በሙያው ውስጥ አሉ። በቦክስ ቀበቶውን የሚሰጡት ማኅበራት ከአዘጋጁ የተለዩ ናቸው፤ በ2000 የወጣውና በመሐመድ አሊ ስም የተሰየመው የአሜሪካ ሕግም ቦክሰኛውን ከአዘጋጁ ጫና ለመጠበቅ የታለመ ነው። ይህ ሕግ የወጣው ለቦክስ በመሆኑ ኤምኤምኤን አልጠበቀም፤ በዩኤፍሲ ተፋላሚውን የሚያስፈርመው፣ ተጋጣሚውን የሚመርጥለትና ቀበቶውን የሚያስታጥቀው አንድ ኩባንያ ነው። በመሆኑም የቀበቶ ባለቤት ሁሉ ባለጸጋ ነው የሚለው ግምት አብሮ ይፈርሳል። በካሜሩን የአሸዋ ጉድጓድ ቆፋሪ የነበረው፣ በስደት ወደ ፓሪስ ዘልቆ መንገድ ላይ ያደረውና በ2021 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ፍራንሲስ ንጋኑ በውል ጉዳይ ባለመስማማቱ በ2023 ቀበቶውን ትቶ ሄዷል፤ የቀድሞ ተፋላሚዎች በተፎካካሪነት ሕግ ጥሰት በመሠረቱት ክስም ኩባንያው በ2024 375 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ትንሹ ሰው በጥበብ ትልቁን ያሸንፋል የሚለው ደስ የሚያሰኝ እምነት የመጣው ከሮይስ ግሬሲ ነው። ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው ይህ ብራዚላዊ የመጀመሪያውን ውድድር አሸነፈ፤ በዲሴምበር 1994 ደግሞ ከእሱ 35 ኪሎ ያህል የሚበልጠውን ሬስለር ዳን ሰቨርንን ከሥር ተኝቶ፣ በእግሮቹ ሦስት ማዕዘን አንገቱን አንቆ እጅ አሰጠው። ይሁን እንጂ ያ ድል ጥበብን ከጉልበት ጋር ሳይሆን የሚያውቅን ከማያውቅ ጋር ያወዳደረ ነበር፤ ሰቨርን በምን እንደተያዘ በቅጡ አልተረዳም። ትልልቆቹም ያንኑ ጥበብ ሲማሩ የክብደት ብልጫ ተመልሶ ዋጋ አገኘ፤ ዩኤፍሲ ራሱ በ1997 ተፋላሚዎችን በሁለት የክብደት ምድብ መክፈል ጀመረ፤ ዛሬ በወንዶች ብቻ ከ56.7 እስከ 120.2 ኪሎ ግራም የሚደርሱ ስምንት ምድቦች አሉት።

ቦክሰኛ ይበልጣል ወይስ የኤምኤምኤ ተፋላሚ የሚለው የማያልቅ ክርክርም መልሱ ያለው በደንቡ ውስጥ ነው። በቦክስ በሦስት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጄምስ ቶኒ በ2010 በኤምኤምኤ ደንብ ራንዲ ኩቱርን ሲገጥም በመጀመሪያው ዙር እግሩ ተይዞ ወደቀና ታንቆ ተሸነፈ፤ የኤምኤምኤው ተፋላሚ ኮነር ማክግሬገር ደግሞ በ2017 በቦክስ ደንብ በቦክሰኛው ፍሎይድ ሜይዌዘር በዐሥረኛው ዙር ተሸነፈ። ንጋኑ በኦክቶበር 2023 ሪያድ ላይ በቦክስ ደንብ ቦክሰኛውን ታይሰን ፉሪን መጣሉና በጥቂት ነጥብ ተበልጦ መሸነፉ ይህን ድምዳሜ የሚሽር ቢመስልም፣ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ሌላው ቦክሰኛ አንተኒ ጆሹዋ በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸንፎታል።

መሬት ላይ የሚደረገው ትግል ለአዲስ ተመልካች መተቃቀፍና ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ሳይሸነፍ በ29 ድል ሙያውን የተሰናበተው የዳግስታኑ ሐቢብ ኑርማጎሜዶቭ ግን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው እዚያው ነው፤ እግርን ከአጥሩ ሥር አጣብቆ፣ አንድ እጅን ጠፍሮ፣ ክብደቱን በተጋጣሚው ደረት ላይ እያሳረፈ የሚያደርሰው ድካም ከሩቅ አይታይም። ማነቅም እንደሚታሰበው ትንፋሽ በማሳጣት ላይ የቆመ አይደለም፤ በሚገባ የተያዘ ማነቂያ የሚጫነው በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን የደም ሥሮች ስለሆነ ሰውየው በዐሥር ሰከንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። በእጅ መታ መታ አድርጎ መሸነፍን መግለጽ በፈሪነት የሚቆጠረውም ይህን ባለማወቅ ነው።

ከክርክሮች ሁሉ የጋለው በዳኞች ውሳኔ ላይ የሚነሣው ሲሆን፣ ተመልካቹ ተዘረፈ የሚለው ብዙ ጊዜ ፍልሚያውን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ስለሚመዝነው ነው። ሦስቱ ዳኞች ግን እያንዳንዱን ዙር ለብቻው ይዳኛሉ፤ ዙሩን ያሸነፈው 10፣ የተሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ 9፣ በጣም የተበለጠ እንደሆነ ደግሞ 8 ያገኛል፤ ካለፈው ዙር ወደሚቀጥለው የሚሻገር ነገር የለም። በኖቬምበር 2013 ጆርጅ ሴንት ፒየር ከጆኒ ሄንድሪክስ ጋር ካደረገው የአምስት ዙር ፍልሚያ ሲወጣ ፊቱ አባብጦ ስለነበር ለብዙዎች ተሸናፊው እሱ ነበር። ሄንድሪክስ ሁለተኛውንና አራተኛውን ዙር በጉልህ፣ ሴንት ፒየር ሦስተኛውንና አምስተኛውን ወሰዱ፤ ፍርዱ በጠባቡ የመጀመሪያ ዙር ላይ ተንጠለጠለ፤ ያንን ሁለት ዳኞች ለሴንት ፒየር ስለሰጡት 48 ለ 47 አሸነፈ። የመጀመሪያውን ዙር በተመለከተ መከራከር ይቻላል፤ በመጨረሻ በታየ የፊት እብጠት ብቻ መከራከር ግን አይቻልም፣ ምክንያቱም የቆዳ መሰንጠቅና ማበጥ የሚቆጠረው በየዙሩ የምቱ ውጤት ማስረጃ ሆኖ እንጂ ለጠቅላላው ፍልሚያ አይደለም። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመዘኛ በመጀመሪያ የሚያየው ምቱና ትግሉ ያስከተለውን ውጤት ነው፤ ወደፊት መግፋትና ሜዳ መቆጣጠር የሚታዩት በዚያ እኩል ከሆኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥሎ ምንም ያላደረገ ተፋላሚ በመጣሉ ብቻ ዙሩን አይወስድም።

ጓንቱ ቀጭን ስለሆነ ኤምኤምኤ ከቦክስ ይልቅ ገዳይ ነው የሚለው ግምት ምክንያታዊ ይመስላል፤ 113 ግራም ያህል የሚመዝነው የኤምኤምኤ ጓንት ከቦክሱ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። ነገር ግን ጓንት በዋናነት የሚጠብቀው የመቺውን እጅ አጥንት እንጂ የተመቺውን አንጎል አይደለም፤ ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ሰው እጁ ሳይሰበር ጭንቅላትን ደጋግሞ ለመምታት ይችላል። በቦክስ የወደቀ ሰው እስከ ዐሥር ተቆጥሮለት ለተጨማሪ ምት ሊነሣ ሲችል፣ በኤምኤምኤ ግን ተፋላሚው ራሱን መከላከል ሲያቅተው የመሃል ዳኛው ፍልሚያውን ያስቆማል፤ ተመልካች ቸኮለ ብሎ የሚጮህበት ያ ዳኛ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት ከኤምኤምኤ ተፋላሚዎች 59.4 በመቶ፣ ከቦክሰኞች 49.8 በመቶ የሚሆኑት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ራሳቸውን የሳቱት ግን ከቦክሰኞች 7.1 በመቶ፣ ከኤምኤምኤ 4.2 በመቶ ነበሩ። ማለትም በኤምኤምኤ የበዛው የሚታየው ቁስል ነው፤ ይህ ስፖርቱን ደኅና ባያሰኘውም አደጋው በሚፈሰው ደም መጠን እንደማይለካ ያሳያል።

የከፋው አደጋ ከሜዳው ውጭ ነው። ተፋላሚዎች ከፍልሚያው አንድ ቀን ቀድመው ሚዛን ላይ ስለሚወጡ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ውሃ በመከልከል፣ በሳውናና በሙቅ ገንዳ ብዙ ኪሎ ያራግፉና ከሚዛኑ ሲወርዱ መልሰው ይሞላሉ፤ ስለዚህ 70.3 ኪሎ ተብሎ የተነገረለት ሰው በማግሥቱ ሜዳ ሲገባ ክብደቱ ከዚያ እጅግ ይርቃል። ሁለቱም ተጋጣሚዎች ስለሚቀንሱ አንዱ ከሌላው የሚያተርፈው ነገር ትንሽ ነው፤ ከሰውነቱ ውሃ ያጣ ሰው ግን ልቡና ኩላሊቱ ይጎዳሉ። ሐቢብ ራሱ በማርች 2017 ክብደት ሲቀንስ ታሞ ሆስፒታል በመግባቱ ፍልሚያው ተሰርዟል። በዲሴምበር 2015 የ21 ዓመቱ ቻይናዊ ያንግ ጂያን ቢንግ ማኒላ ላይ ለዋን ሻምፒዮንሺፕ ፍልሚያ ክብደት ሲቀንስ ሕይወቱ አለፈ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ በውሃ ጥም ክብደት መቀነስን ከልክሎ የሽንት ምርመራ ያስገባ ሲሆን፣ የምድቦቹንም ወሰን ወደ ላይ ከፍ አደረገ። በዚህ ምክንያት የዩኤፍሲና የዋን ምድቦች ስማቸው አንድ፣ ክብደታቸው ግን የተለያየ ሆኗል፤ በዩኤፍሲ የ56.7 ኪሎ ፍላይዌይት ቀበቶውን ዐሥራ አንድ ጊዜ የተከላከለው ዲሜትሪየስ ጆንሰን በ2018 ወደ ዋን ሲሄድ የገባው እዚያም ፍላይዌይት በሚባለው ምድብ ነው፤ የዚህኛው ጣራ ግን 61.2 ኪሎ ነው።