ኃይለኛ የስፖርት ሞተር ለጀማሪ፤ ጉልበቱ በርካሽ፣ ስህተቱ በውድ

የጃፓኑ ካዋሳኪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኒንጃ 400 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ የመነሻ ዋጋው 4 ሺህ 999 ዶላር ነበር። ይኸው ኩባንያ ለ2019 ያቀረበው ዜድኤክስ 6አር የተሰኘ የስፖርት ሞተር ደግሞ ከ9 ሺህ 999 ዶላር ይጀምር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዋጋ ረገድ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ መሆኑ ነው። በጉልበት ረገድ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በአውሮፓ በወጣው የኩባንያው መግለጫ መሠረት ትንሹ 45፣ ትልቁ 130 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ሒሳብ የለመደ ነጋዴ ቁጭ ብሎ ቢያካፍል፣ በትንሹ ሞተር አንዱ የፈረስ ጉልበት 111 ዶላር ሲያወጣ በትልቁ 77 ዶላር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። በጅምላ የገዛ ይረክስለታል የሚለው የመርካቶ ወግ ለሞተር ብስክሌትም የሚሠራ ይመስላል።

ሞተር ነድቶ የማያውቅ ወጣት በመደብሩ መስታወት ፊት ቆሞ የሚያሰላው ይህንኑ ነው። ትንሹን ገዝቶ በዓመቱ ከሚሰለቸው፣ ጨመር አድርጎ ዋናውን ለምን አይገዛም? በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ወንድም ያለው አንባቢ ይህን ጥያቄ በስልክ ሰምቶት ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው እምብዛም አይነሳም። በከተማዋ የሚታዩት ሞተሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያላቸው የሥራ መሣሪያዎች ናቸውና፣ ሕግ ሳያስገድደው ሁሉም የሚጀምረው በትንሹ ነው።

የወጣቱ ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። መልሱን ቀድመው የሰጡት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የአሮጌ ሞተር ገበያና የመንጃ ፈቃድ ሕጎች ሲሆኑ፣ ፋብሪካዎቹም ዘግይተው ተከትለዋቸዋል።

ከላዳ እጥፍ

“600 ሲሲ” ሲባል መኪና የለመደ ሰው ይንቀዋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ አሳምሮ የሚያውቃት ባለ 1 ሺህ 200 ሲሲ ላዳ የምታወጣው 60 ያህል የፈረስ ጉልበት ነው። ያማሃ በ1999 ለገበያ ያወጣው አር 6 ደግሞ በላዳዋ ሞተር ግማሽ፣ በ600 ሲሲ፣ 120 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ፋብሪካው ተናግሮለታል። ክብደቱ ያለ ነዳጅና ዘይት 170 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ የላዳዋን አንድ አምስተኛ እንኳ አይደርስም።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በ30 ዓመት ውስጥ ነው። ሆንዳ በ1969 ሲቢ 750ን ሲያቀርብ 67ቱ የፈረስ ጉልበት ዓለምን ጉድ አሰኝቶ ነበር። በ1998 የመጣው የያማሃ አር 1 150 ይዞ መጣ። ሱፐርስፖርት የሚባሉት እነዚህ ሞተሮች በውድድር ሜዳ ከሚሮጡት ጋር የሥጋ ዘመድ ናቸው። ነጂው ወደ ፊት ተደፍቶ ይቀመጣል፣ መሪው ዝቅ ያለ ነው፣ ባለ 600 ሲሲው እንኳ በመጀመሪያ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ገና አምስት ማርሽ ይቀራል።

ቀኝ እጅ

ለኃይለኛው ሞተር የሚሟገቱ ሰዎች ክርክራቸው አንድ ነው። ጋዙ ያለው በእጅህ ነው፣ ካልሰጠኸው አይሄድም ይላሉ። ክርክሩ እውነት አለው፤ ነገር ግን የሚናገረው ነጂው አስቦ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ጀማሪን የሚጥለው ሳያስብ የሚያደርገው ነው።

ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም እግረኛ ድንገት ሲሻገር፣ ጀማሪ መሪውን ጨምድዶ ይይዛል። ጋዙም የፊት ፍሬኑም የሚገኙት በአንድ ቀኝ እጅ በመሆኑ ድንጋጤው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይተላለፋል። በ45 የፈረስ ጉልበት ላይ ይህ ስህተት ነጂውን ወደ ኋላ ገፍትሮ ያሳፍረዋል። በ130 ላይ የፊት ጎማው ከመሬት ሊነሳ፣ አለዚያም ሞተሩ ተፈናጥሮ ከፊት ካለው መኪና ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስህተቱ አንድ ነው፤ የተለያየው የሚያስከፍለው ነው።

ሌላም ተንኮል አለው። የሱፐርስፖርት ሞተር ዋናውን ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው። ከዚያ በታች እንደ ጨዋ በቅሎ ይሄዳል። ጀማሪው በመጀመሪያው ሳምንት “ያን ያህል አያስፈራም” እያለ ለጓደኞቹ የሚያወራውም ለዚህ ነው።

ፍሬኑም እንደዚሁ ነው። ለውድድር የታሰበ የፊት ፍሬን ሁለት ጣት ይበቃዋል። የደነገጠ ጀማሪ በአራት ጣቱ ሲጨብጠው፣ በተለይ ኤቢኤስ በሌለው ሞተር ላይ፣ የፊት ጎማው ተቆልፎ ሞተሩ ይወድቃል። የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ኤቢኤስን ከ2016 ጀምሮ ግዴታ አድርጓል። የወጣት ኪስ የሚችለው አሮጌ ሱፐርስፖርት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት የተሠራው ነው።

በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመሩትና በ1981 የወጣው ጥናት በሎስ አንጀለስ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ መርምሯል። ነጂዎቹ በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ ረግጠው የፊተኛውን በቅጡ እንደማይጠቀሙበት ያሳየው ይኸው ጥናት ነው። ለዚህ ጽሑፍ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ሌላ ግኝቱ ነው። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ በአጠቃላይ ሦስት ዓመት ገደማ የመንዳት ልምድ እያላቸው፣ በተጋጩበት ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ ግን 5 ወር አይሞላም ነበር። የለመደ ነጂ እንኳ ሞተር ሲቀይር በከፊል ጀማሪ ይሆናል ማለት ነው። ምንም ያልለመደው ሲሆን ምን ሊባል ነው?

ኢንሹራንሱ የሚያውቀው

የዚህን ስህተት ዋጋ በየዓመቱ ቆጥሮ የሚከፍል አንድ ወገን አለ። በአሜሪካ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንስቲትዩት በ2007 ባወጣው ጥናት፣ በ2005 ከተመዘገቡ 10 ሺህ ሱፐርስፖርት ሞተሮች 22.5 ነጂዎች መሞታቸውን አስልቷል። ለተራ የመንገድ ሞተሮችና ለክሩዘሮች ቁጥሩ 5.7 ነበር። አራት እጥፍ ገደማ ነው። በሱፐርስፖርት የሞቱት ነጂዎች አማካይ ዕድሜ 27 ዓመት ነበር።

እርግጥ ይህ ቁጥር ጥፋቱን በሙሉ በማሽኑ ላይ አያላክክም። ፍጥነት የሚወድ ወጣት ፈጣን ሞተር መርጦ ይገዛል። ያንኑ ወጣት በትንሽ ሞተር ቢያስቀምጡት ከሌላው የበለጠ አደጋ ሊደርስበት ይችል ይሆናል። ከማሽኑና ከሰውየው ድርሻው የማን ስንት እንደሆነ መለየት ለተመራማሪ የሚተው ነው። አረቦን የሚተምነው ኩባንያ ግን ይህን የመለየት ግዴታ የለበትም፤ ለሁለቱም አንድ ላይ ያስከፍላል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለ ጀማሪ የሱፐርስፖርት አረቦን የሚከብደው ለዚህ ነው። በዱቤ ከገዛ ደግሞ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድደዋል። በመደብሩ መስታወት ላይ የተጻፈው 77 ዶላር እዚህ ላይ ሲደርስ ይረሳል።

አንዴ ልግዛና ልገላገል

የቀረው ክርክር የነጋዴ ክርክር ነው። ሁለት ጊዜ መግዛት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ አንዴ ልግዛና ልገላገል የሚል።

ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው ትንሹ ሞተር አዲስ የተገዛ እንደሆነ ነው። አዲስ ዕቃ ከመደብር በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ ያንን ቅናሽ የሚሸከመው የመጀመሪያው ባለቤት ነው። አሮጌ ትንሽ ሞተር ግን ቅናሹን ጨርሶ የመጣ ነው። ካዋሳኪ ኒንጃ 250ን ከ1988 እስከ 2007 ድረስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳያደርግ ለአሜሪካ ገበያ አቅርቧል። መለዋወጫው ሞልቷል፣ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ ገዢውም በየጊዜው የሚመጣ አዲስ ጀማሪ ነው። እንበልና አንድ ወጣት እንዲህ ያለውን ሞተር በ2 ሺህ ዶላር ገዝቶ በዓመቱ በ1 ሺህ 700 ቢሸጠው፣ ለአንድ ዓመት ትምህርት የከፈለው 300 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ የሚያስተምር ኮሌጅ አይገኝም።

በአንፃሩ ጀማሪ ሞተሩን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ሲከንፍ ሳለ አይደለም፤ ቆሞ ሳለ ነው። ፍሪሲዮን ቶሎ ለቅቆ፣ እግሩ ጠጠር ላይ ተንሸራትቶ፣ ወይም ማቆሚያውን ሳያወርድ ተነስቶ ሄዶ። ዙሪያውን በቀለም በተቀባ ፕላስቲክ የተሸፈነ ሱፐርስፖርት በአንድ ጎኑ ሲተኛ ፕላስቲኩ፣ ስፖኪዮው፣ የፍሬን እጀታውና የጭስ ማውጫው በአንድ ጊዜ ይጎዳሉ። አሮጌው ኒንጃ ከሦስት ባለቤቶች የወረሳቸው ጭረቶች ቀድሞውኑ አሉበት፤ አራተኛው ዋጋውን እምብዛም አይለውጠውም።

በትልቅ ሞተር ጀምረው ምንም ያልሆኑ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ትንሹም ቢሆን መድን አይደለም። በኸርት ጥናት ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተፈጠሩት ግጭቶች በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነሳው የሌላው ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ነበር፤ እንዲህ ያለው መኪና ለ45ም ለ130ም አይመለስም። በዚሁ ጥናት ከተመዘገቡት ነጂዎች 92 ከመቶው ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ ከ5 ሺህም ከ10 ሺህም ዶላር በፊት መውጣት ያለበት የሥልጠናው ክፍያ ነው፤ ቀጥሎ የሄልሜቱ።

ሕግ ሲገባ

ይህን ውሳኔ ለገዢው የተወችው አሜሪካ ናት። እዚያ ጀማሪን በጉልበት የሚገድብ አገር አቀፍ ሕግ የለም። ጃፓን በ1975 ባወጣችው ሥርዓት ከ400 ሲሲ በላይ መንዳት የሚያስችለው ፈቃድ የሚገኘው በፈተና ጣቢያ አስቸጋሪ ፈተና ታልፎ ነበር፤ የመንጃ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ፈቃድ እንዲያሠለጥኑ የተፈቀደው በ1996 ነው። 250 ሲሲና ከዚያ በታች የሆኑት ደግሞ በኢትዮጵያ ቦሎ ከሚባለው ዓይነት ወቅታዊ ምርመራ ነፃ ናቸው። ፋብሪካዎቹም ሕጉን ተከትለው ለአገር ውስጥ ገበያ ያማሩ ባለ 250 እና ባለ 400 ሲሲ የስፖርት ሞተሮች ሠሩ።

በአውሮፓ ከጥር 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት በጉልበት የሚለካ ነው። ኤ2 የተባለው ፈቃድ ከ35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ47 የፈረስ ጉልበት ገደማ በላይ አይፈቅድም። ትልቅ ሞተር ጉልበቱ ታንቆ ሊነዳ ይችላል፤ ሆኖም መጀመሪያ ሲሠራ ከ70 ኪሎ ዋት በላይ የነበረ ሞተር ቢታነቅም አይፈቀድለትም። አር 6 በዚህች አንቀጽ ከጀማሪ እጅ ወጣ።

ለንግድ ሰው ትርጉም ያለው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው በ2013 ሆንዳ ልክ 35 ኪሎ ዋት ያለው ሲቢአር 500አርን ይዞ ቀረበ። ባለ ሦስት እግሩን ለኢትዮጵያ ከተሞች ስሙን ጭምር ያወረሰው የሕንዱ ባጃጅ፣ በ2007 የኦስትሪያውን ኬቲኤም 14.5 ከመቶ ድርሻ ገዝቶ ነበርና፣ ባለ 390 ሞዴሎቹን ፑኔ አጠገብ በሚገኘው የቻካን ፋብሪካው ማምረት ያዘ። ኬቲኤም በ2024 መጨረሻ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ሲገባ ገንዘብ አፍስሶ ያዳነውና በ2025 የተቆጣጠረው ባጃጅ ነው። የቢኤምደብሊው ጂ 310ም የተሠራው በሌላው የሕንድ ኩባንያ በቲቪኤስ ነው። የጀማሪ ሞተር የሀብታም አገር ነጂ የሚገዛው፣ እስያ ውስጥ የሚመረት የራሱ ገበያ ያለው ዕቃ ሆነ።

ሱፐርስፖርቱ ጨርሶ አልጠፋም። ሆንዳ ከአውሮፓ አስወጥቶት የነበረውን ሲቢአር 600አርአርን በ2024 መልሶ አስገብቷል። ያማሃ ግን የጭስ ደንቡ ሲጠብቅና ሽያጩ ሲቀንስ ከ2020 በኋላ አር 6ን በአውሮፓ ለመንገድ መሸጥ አቁሞ ለውድድር ሜዳ ብቻ አስቀረው። በ2021 ያመጣው አር 7 ሁለት ሲሊንደርና 54 ኪሎ ዋት ብቻ ያለው ነው። ከ70 በታች በመሆኑ በ35 ኪሎ ዋት ታንቆ ለኤ2 ባለፈቃድ ይሸጣል። ወጣቱ ሁለት ዓመት ነድቶ ለሙሉ ፈቃድ የሚጠየቀውን ካሟላ በኋላ ሞተሩን አይለውጥም፤ ማነቂያውን ብቻ ያስነሳል።