አውቶቡሱ የማይቆምበት ጎጃም

ከአዲስ አበባ በጨለማ የተነሳ አውቶቡስ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንና ደብረ ማርቆስን ወደ ኋላ ትቶ፣ ተምጫን ተሻግሮ ደምበጫ ሲገባ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ረዳቱ በሩን በመዳፉ እየደበደበ «ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ ብቻ!» ይላል። ተሳፋሪው እግሩን እያፍታታ ይወርዳል። እጁን ታጥቦ ሽሮውን ወይ ጥብሱን ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፤ ለመንገድ ውኃና ማስቲካ ይይዛል። ክላክስ ሲነፋ ሁሉም ወደየወንበሩ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ በመስኮቱ እየተፈራረቁ ያልፋሉ። ጠግቦ የበላ ሰው በዚያ ሙቀት እንቅልፍ ይጥለዋል። ማታ ባሕር ዳር ሲደርስ ግን «ጎጃምን አየሁ» ይላል።

ተኝቶ ያለፈው ምን ነበር? ከደምበጫ እስከ ጥሊሊ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች መንገድ ግራና ቀኝ የጣሊያን ጦር ከአርበኞችና ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር የተፋለመባቸው ምሽጎች፣ የአማርኛ ልቦለድ ዋነኛ ገጸ ባሕርይ የተወለደባት መንደር፣ የጥቁር ዓባይ ምንጭ፣ ተማሪው ዛሬም ቅኔ የሚቆጥርባቸው ጎጆዎች አሉ። ጎጃም የሚታይ ነገር አላነሰውም። ያነሰው፣ መንገደኛው ሲደርስ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» የሚያሰኘው ነገር ነው።

ከደምበጫ እንጀምር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቅለው አገራቸው ሲገቡ የጎጃም ገጠር ቀድሞም አልተኛም ነበር። ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የመሩት የእንግሊዞች ልዑክ ከክረምቱ ጀምሮ ገብቶ፣ ፋጉታ ላይ ሰፍሮ፣ የዳሞትን አርበኞች ከሚመሩት ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጋር ይመክር ነበር። ኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት ያዘዙት ጦር ደግሞ «የጌዴዎን ኃይል» ይባላል። ስሙ ከመጽሐፈ መሳፍንት የተወሰደ ነው፤ በ300 ሰው የምድያምን ሠራዊት ያባረረውን ጌዴዎንን የሚያስብ። የአዲስ አበባው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተሰየመው በእኚሁ ሰው ነው።

ይህ ጦር ከጣሊያኑ ጋር ሲነጻጸር በቁጥር እጅግ አነስተኛ ስለነበር በሌሊት እያጠቃ ብዙ መስሎ ይታይ ነበር። በድምፅ ማጉያ ለጣሊያን ጦር ያደሩ ወታደሮችን «ወደ ንጉሣችሁ ኑ» እያለ ይጠራል። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ እያሳተመ ይበትናል። የካቲት 25 የጣሊያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ጀመረ። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ የካቲት 27፣ ያ በሺህ የሚቆጠር ጦር ደምበጫ አጠገብ ወንዝ ዳር ሰፍሮ በነበረው በሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ላይ ወረደበት። ሻለቃው በቁጥር ብዙ እጥፍ ተበልጦም አልተበተነም፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ጣሊያኖቹ መንገዱን ከፍተው ቢያልፉም ደምበጫ ላይ መርጋት አልቻሉም። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ሚያዝያ 27ን አገሩ ሁሉ በየዓመቱ ያከብራታል። ሚያዝያ 27 እንድትመጣ የተዋደቁት የደምበጫ ሰዎች ግን ሠላሳ ደቂቃ ለምሳ በሚቆመው መንገደኛ ዘንድ አይታወቁም።

ቀጥላ ፍኖተ ሰላም አለች። ጥንት ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟ በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው።

ማንኩሳ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታውቃለች። አንዴ በዚያው በ1933 ዓ.ም.፣ ዊንጌት የጣሊያንን ምሽግ የከበበባት ስፍራ ናት። ሌላው ዝናዋ ከዚያ ይበልጣል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዚህችው መንደር ነው፤ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ሐዲስ ራሳቸው እንዶዳም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጉባኤ ቤቶች የተማሩ ናቸው። በዛብህ የሄደበትን የትምህርት ዓለም ከሩቅ ሰምተው አልጻፉትም፤ ኖረውበታል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በራዲዮ ሲተርከው ትራንዚስተር ከብቦ ያደመጠ ትውልድ ማንኩሳን እንደ ዘመድ ቀዬ ያውቃታል። ደራሲ የተወለደበት ቤት ሙዚየም መሆኑ በየአገሩ የተለመደ ነው። ጎጃም ግን ከዚያም አልፎ፣ ከማንኩሳ እስከ ዲማ፣ የልቦለዱ ሰዎች የተጓዙበትን መንገድ በእግር ማስጎብኘት ይችላል። ለዚህ ሕንፃ አያስፈልግም። መጽሐፉን አንብቦ መንገዱን የሚያውቅ አንድ የሠፈር ወጣት፣ በጥላ ሥር የተዘረጋ መደብና ትኩስ ቡና ይበቃል።

ስለ ቤተ መንግሥት የሚጠይቅ እንግዳ ግን ትንሽ ያዝናል። ጎጃም እንደ ጎንደር የድንጋይ ግንብ አልበዛለትም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ቤት የሠሩባትን ይባባን ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ አድርጎ ጽፏታል። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ መንቆረርን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ብለው ከተማቸው አደረጓት፤ ቤተ መንግሥታቸውም በዚያች ከተማ ነው። የቀረው መኳንንት ግን አዳራሹን የሚሠራው ከጽድና ከወይራ፣ ከጭቃና ከሣር ነበር። እንዲህ ያለ ቤት አንድ እሳት ወይም ያልታደሰበት ሁለት ክረምት ይበቃዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ በየከተማው የቀሩት የባላባት ቤቶች መዝገብ ቤትና ጽሕፈት ቤት እየሆኑ ወደ እርጅና ሄዱ።

ይህ የጎጃም ብቻ ዕጣ አይደለም። በፖላንድ ገጠር የነበሩ የመሳፍንትና የባላባት ቤቶች በ1944 እ.ኤ.አ. በታወጀው የመሬት ይዞታ ለውጥ ተወርሰው የእርሻ ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና መጋዘን ሆነዋል፤ ብዙዎቹም ጣራቸው ወድቆ ቀርቷል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አንዳንዶቹ ታድሰው እንግዳ ማደሪያ ሆኑ። ለጎጃም የሚቀርበው ምሳሌ ግን የገጠር አብያተ ክርስቲያናታቸው ነው። በደቡብ ፖላንድ በእንጨት የታነጹ ስድስት አብያተ ክርስቲያናት በ2003 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስባቸዋል። አካባቢው ከ250 የሚበልጡ የእንጨት ሕንፃዎችን በአንድ የጉብኝት መስመር አያይዞ፣ በየመገንጠያው ምልክት ተክሎ፣ መንገደኛው ከዋናው ጎዳና ወደ መንደር እንዲታጠፍ አድርጓል። እንጨትና ጭቃ ነው ብሎ የናቀው የለም። የጎጃምም ክብ ቤተ ክርስቲያን ከእንጨትና ከጭቃ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ እንደ ቀለበት ተቃቅፈው፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ። ከጎጃም ምድር ግን እስካሁን በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ አንድም ስፍራ የለም።

ከደምበጫ እስከ ቡሬ ከአውቶቡስ መስኮት ዓይኑን ያልከደነ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። ጤፉ፣ በቆሎው፣ በበጋም ቀይ በርበሬ የተሰጣበት ሜዳ እስከ አድማስ ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ እዚህም እዚያም ክብ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ደን ይታያል። ደን ካለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው ሌላ ቦታ ሁሉ ተመንጥሮ የቀረው በታቦቱ ጥላ ነው፤ ጉሬዛውም ከዚያ አይወጣም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ መዝግበዋል። እነዚህ ደኖች የሚጠበቁት ያለ ደመወዝ ነው። ከግቢው ቅርንጫፍ መቁረጥ ነውርም ኃጢአትም ስለሆነ ብቻ ቆመዋል። አሁን ግን ከብት ገብቶ ችግኙን ይበላል፤ ባሕር ዛፍ ከዳር እየገፋ ይገባል። እንደ ሌላው ቦታ በድንጋይ ካብ መከለል ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ገበሬው በገዛ እጁ የሚያውቀው ሥራ ነው።

የቡሬን ጎዳና ተከትሎ ጥሊሊ የደረሰ ሰው ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ሰከላ ይገባል። ግሽ ዓባይ እዚያ ነው።

ትልቅ ነገር የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ፏፏቴ የለም፣ ገደል የለም። ከግሽ ተራራ ሥር ረግረግ ሣር፣ ከሣሩ መሐል ጠባብ የውኃ ዓይን። ወደ ጠበሉ የሚጠጋ ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ እህል የቀመሰ አይጠጋም። ሰዉ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ቄሱ በመስቀል እየባረኩ ያጠምቃሉ፤ ቀዝቃዛው ውኃ ጀርባ ላይ ሲወርድ ሕፃን ይጮኻል፣ አዛውንት ይንቀጠቀጣሉ። ያች እጅ የማትሞላ ምንጭ ግልገል ዓባይ ሆና ጣና ትገባለች፤ ከጣና ወጥታ ጎጃምን እንደ መቀነት ትዞራለች፤ ሱዳንን አቋርጣ ግብፅን ታጠጣለች። በኦሪት ዘፍጥረት የኩሽን ምድር ይከብባል የተባለው ግዮን ይህ ነው ብሎ ጎጃም ያምናል።

ፖርቱጋሎች የላኩት ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ይህንን ምንጭ ያየው ኤፕሪል 21 ቀን 1618 እ.ኤ.አ. ነው። ብሩስ የደረሰው ከ152 ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በኮኮናት ቅርፊት ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ጠጣ። ቀድሞት የመጣ ሰው መኖሩን ግን መቀበል አልፈለገም። የአገሬው ሰው ለሁለቱም ክርክር ቦታ አይሰጥም። እሱ የሚያስታውሰው አቡነ ዘርዐ ቡሩክን ነው። ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዚህ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ ከእስር ሲመለሱ ውኃው አንዱንም ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ጥር 13 በዓላቸው ሲውል ሰከላ በሕዝብ ትሞላለች።

መጽሐፍን ለውኃ አደራ የሰጠ ታሪክ ከዚህ አገር መውጣቱ አይገርምም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ከዋድላ ጋር የቅኔ ቤት ተብለው ስማቸው የሚጠራው ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ በትከሻው አንግቦ፣ ውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ማታ ከጎጆው ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ሲነጋ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ከሰሙ ወርቁ ካልወጣ ይታረማል። እነዚህ ጎጆዎች የሚቆዩት ሁለት ክረምት ነው፤ ትምህርቱ ግን ዘመናትን ተሻግሯል። ለጎብኚ ከዚህ በላይ የሚታይ ምን አለ? ሆኖም በጭብጨባና በካሜራ ጉባኤውን የሚያውክ እንግዳ ከሚመጣ ባይመጣ ይሻላል። መምህሩን አስፈቅዶ ዳር ተቀምጦ የሚያደምጥ ነው የሚፈለገው።

በየደብሩ ዕቃ ቤት ያለው ሀብት ሌላ ጭንቀት ነው። ገበዙ የሣጥኑን ክዳን ሲያነሱ የዕጣንና የቆዳ ሽታ ይወጣል፤ ብራናው በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ዳሩን አይጥ ነክሶት ይሆናል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አትርፏል፤ ይበልጡ ግን ከሸዋ የተቀዱ ናቸው። ቅርስ እንዲመዘገብ የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ጊዜ አልጠፋም። አንድ ገበዝ ሌሊት በር ላይ ተኝቶ የሚጠብቀውን መጽሐፍ ቢያንስ ፎቶ አንስቶ፣ ቆጥሮ፣ ቅጂውን ለደብሩ መተው የወረዳና የሀገረ ስብከት የጋራ ሥራ ነው። ለጣና ዳሩ የጎርጎራ ሪዞርት የተገኘው ዓይነት ገንዘብ ለዚህ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ የአሁኑን ጊዜ መዝለል አይቻልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ከከተማዋ ሆስፒታል የተገኘ መረጃ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በፈረስ ጉግሥ የሚያሸበርቀውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ለማየት፣ ወይም የዘንገናን ሐይቅ ዞሮ ለመመለስ ያሰበ ሰው ዛሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። ምዝገባው፣ ካቡ፣ የመገንጠያው ምልክት ግን እንግዳ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሥራዎች አይደሉም።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን አውቶቡሱ ጥሊሊ ላይ ለአፍታ ይቆማል። ነጠላዋን ያጣፋች እናት ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ ቢጫ ጄሪካን አቅፋ ትሳፈራለች። ጎኗ የተቀመጠው ወጣት ከእንቅልፉ ነቅቶ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ይለቅላታል።

«እናቴ፣ ዘይት ነው?»

«አይ ልጀ፣ የግሽ ጠበል ነው።»

ወጣቱ ጄሪካኑን፣ ቀጥሎም በመስኮት ወደ ኋላ የቀረውን መገንጠያ ያያል። «ሩቅ ነው?» ይላታል።