ያረጀ ኮምፒዩተር ዳጉ ሲጠይቅ

ከገዋኔ ወደ ሚሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን አዳይቱን ብዙዎቻችን የምናውቃት ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች የሚያልፉባት ከተማ በመሆኗ ነው። በዚያ አካባቢ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም። አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የገበያውን ነገር። እያንዳንዱም የተቀበለውን ይዞ ሄዶ ቀጥሎ ለሚያገኘው መንገደኛ ያደርሳል። ዳጉ ይሉታል።

ስለ አሮጌ ኮምፒዩተር ልንጽፍ ተነስተን ዳጉን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ቀደምት የሆነው የኢ-ሜይል አገልግሎትም አሠራሩ ይኸው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ተጠቃሚው ደብዳቤውን ጽፎ በስልክ መስመር ወደ ፓዲስ ይልካል። የፓዲስ ኮምፒዩተር ደግሞ የተጠራቀመውን ይዞ ወደ ውጭ አገር ይደውላል፤ ያለውን አስረክቦ የመጣውን ተረክቦ ስልኩን ይዘጋል። ቀጥታ ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲሆን፣ አገሪቱ በሙሉ የተካፈለችው የውጭ መስመር በሰከንድ 256 ኪሎቢት ነበር። ዛሬ ይህ ለአንድ ሰው የእጅ ስልክ እንኳ አይበቃም።

በዚያን ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተገዙ ኮምፒዩተሮች አንዳንዶቹ ዛሬም በየቤቱ ጥግ አቧራ ለብሰው ይገኛሉ። በሌላው ዓለም እነዚህን እያነሱ እንደገና ኢንተርኔት ውስጥ ማስገባት የታወቀ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኗል። ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ደስ ይላል። የድሮ መኪና የሚያድስ ሰውም ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለውም።

እንበልና አንድ አንባቢያችን አዳይቱ ላይ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ኮምፒዩተር አገኙ። የመጀመሪያው ጠላት ኢንተርኔት አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ባለሙያዎች ያሰላሉ። ስለዚህ ሳያበሩት በፊት ክዳኑን ከፍተው አቧራውን ያራግፉ፤ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ካዩ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ያሳዩ። የኃይል ማከፋፈያውን ሳጥን ግን በገዛ እጅዎ አይክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ሳንቲም የምታክለዋን ባትሪም ይለውጡ። እሷ ከሞተች ኮምፒዩተሩ ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑን የረሳ ኮምፒዩተር ደግሞ የድረ ገጾችን የምስክር ወረቀት ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ማረጋገጥ አይችልም።

ቀጥሎ መስመሩ ነው። ዳያል አፕ በስሙ ብቻ ቀርቷል፤ አሜሪካዊው ኤኦኤል እንኳ አገልግሎቱን መስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ዘግቷል። ከእጅ ስልክ የሚሰራጨውን ዋይፋይ ደግሞ ዊንዶውስ 98 በራሱ አይቀበለውም፤ የዛሬው የዋይፋይ ምስጢር አጠባበቅ ከእሱ በኋላ የመጣ ነውና። መላው አንድ ዘመናዊ ላፕቶፕ መሐል ማስገባት ነው። ላፕቶፑ ከስልኩ ኢንተርኔት ይቀበላል፣ በኔትወርክ ኬብል ለአሮጌው ያካፍላል። አሮጌው የሚያስፈልገው የኔትወርክ ካርድና የካርዱ ድራይቨር ብቻ ነው።

ተገናኘ ማለት ግን ተግባባ ማለት አይደለም። ብዙዎች ችግሩ ፍጥነት ይመስላቸዋል። እርግጥ 2 ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ በ56 ኪሎቢት ሞደም 5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በኬብል ግን ይህ ችግር የለም። ትልቁ ችግር ቋንቋ ነው። የዛሬ ድረ ገጾች የሚነጋገሩበትን የምስጢር ቋንቋ የዊንዶውስ 98 ብራውዘር አያውቀውም። የሚያውቀውን የድሮውን ዓይነት ታላላቆቹ ብራውዘሮች በ2020 እ.ኤ.አ. ትተውታል። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ፍሮግፋይንድ የተባለው ድረ ገጽ የዛሬን ገጾች ጌጣጌጣቸውን አራግፎ ጽሑፉን ብቻ ለአሮጌ ብራውዘር ያቀርባል። ከዚህ የሚገርመው ዌብ ሬንደሪንግ ፕሮክሲ የሚባለው ፕሮግራም ነው። በላፕቶፑ ላይ ተጭኖ ገጹን ራሱ ይከፍትና ፎቶ አንስቶ ለአሮጌው ይልካል፤ ፎቶው ላይ ሲጫኑም ሊንኩ ይሠራል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ልዩ ነገር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ዊንዶውስ 98 ከነተፈጥሮው የአማርኛ ድረ ገጽ ሲከፍት የሚያሳየው የአራት ማዕዘን ሰልፍ ነው። በፎቶ ሲመጣለት ግን አማርኛው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀድሞ ፎንት ለሌለው አንባቢ ሲባል የአማርኛ ጽሑፍ በምስል እየተደረገ ይለጠፍ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በዚህ ኮምፒዩተር ግን የባንክ ሒሳብም ሆነ የግል ኢ-ሜይል አይክፈቱ። ለዊንዶውስ 98 የደኅንነት ማሻሻያ መውጣት የቆመው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ጨዋታው ቁም ነገር የሚሆነው ሃርድ ዲስኩን ሲፈትሹ ነው። ያልታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መዝገብ፣ የአባት ደብዳቤ ሊኖር ይችላል፤ ያ ዲስክ ዛሬ ተነሳ ማለት ደግሞ ነገም ይነሳል ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈ ሰነድ ውስጡ የተቀመጠው በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥሮች ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ላፕቶፑ ላይ አነስተኛ የኤፍቲፒ ሰርቨር ይጫኑና ሰነዶቹን በዚያው ኬብል ያሻግሩ፤ የኤፍቲፒ ትዕዛዝ ዊንዶውስ 98 ውስጥ አስቀድሞ አለ። ታዲያ ሰነዶቹን ብቻ ሳይሆን ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ሥር የአማርኛ ፎንቶቹንም አብረው ይቅዱ።