መንገዱን የሚያውቀው የሚሄድበት ነው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማችንን ቆቦን አቋርጦ ያልፋል። ይህ ጎዳና ለከባድ መኪና መተላለፊያው ነው፤ ለእኛ ግን ገበያችንም የትምህርት ቤት መንገዳችንም ነው። በገበያ ቀን እህል የጫነ ግመልና አህያ፥ ባጃጅና ጋሪ፥ ተማሪና ሽማግሌ ባንድነት ይተራመሱበታል። እንግዲህ እግረኛው ያለ ስጋት እንዲሄድ ምን ይደረግ? ይህን ባጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ተከልክለው ለእግረኛ ተለቀው ነበር። የእኛው አገር አቋራጭ ስለ ሆነ መዝጋቱ አይሆንም፤ ስለዚህ መኪናውና እግረኛው የሚስማሙበትን ዘዴ መፈለግ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ፍጥነትን መቀነስ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና፥ ነጂው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፥ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ቢነዳ ግን 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመካከሉ ባለው 6 ሜትር የአንድ ሕፃን ሕይወት ሊተርፍ ይችላል።

ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም። ቆቦ ቆላ ናት፤ ጥላ የሌለው የእግረኛ መንገድ ቢሠራ በቀትር ማንም አይሄድበትም። በክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ካልተከደነ ለልጅና ለዓይነ ስውር ወጥመድ ነው። ባለሱቁ ዕቃ የሚያወርድበት፥ ባለባጃጁ ተሳፋሪ የሚጠብቅበት፥ ባላገሩ ግመሉን የሚያሳልፍበት ስፍራ ካልተለየ፥ ሁሉም ተመልሶ የእግረኛውን ቦታ ይይዛል። ይህ ከካርታ ላይ አይነበብም፤ የሚያውቀው በየቀኑ የሚመላለስበት ሕዝብ ነው።

ሕዝብን መጠየቅ ደግሞ ችሮታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፥ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። እኛ የራያ ሰዎችም ለምክክር እንግዳ አይደለንም፤ ደም የተቃቡ ወገኖችን እንኳ በዘወልድ ሽማግሎች ፊት ቃላቸውን ሰምቶ ማስታረቅ የቆየ ልማዳችን ነው።

ስለዚህ መሐንዲሱ ንድፉን ከመጨረሱ በፊት፥ በገበያ ቀን ከነጋዴው፥ ከባጃጅ ነጂው፥ ከአካል ጉዳተኛውና ከአረጋውያን ጋራ ሆኖ ጎዳናውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሂደው። የት እንደሚሻገሩ፥ የት እንደሚፈሩ፥ የት ጥላ እንደሚሹ ያሳዩት። እኛም ተማሪዎች ጧት ጧት የምንሻገርበትን ስፍራ መዝግበን ለማዘጋጃ ቤቱ እናቅርብ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላልና፥ የብዙ ሰው ምክር ያለበት መንገድ ሳይፈርስ ይኖራል።