«ጣትህን ሰብስብ!» እና ሌሎች የሒሳብ ተረቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ማታ ደብተር ሲገለጥ የሚሰሙ ምክሮች አሉ፦ ጣትህን ሰብስብ፣ በቃልህ ያዝ፣ «ቀረ» ካለ ቀንስ። ከቅን ልብ የመጡ ናቸው፤ ጀማሪውን ልጅ ግን ከማገዝ ይልቅ ያደናቅፉታል።

ተረት 1፦ እስከ 100 የቆጠረ ልጅ ለመደመር ደርሷል።

እውነታው፦ ቁጥርን እንደ መዝሙር መደርደር ሌላ፣ ብዛትን ማወቅ ሌላ። ልጁን «ሰባት ድንች አምጣልኝ» ይበሉት። ሳይቆጥር ዘግኖ ካመጣ፣ ወይም ቆጥሮ ሲጨርስ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ሲባል እንደገና ከአንድ ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር ገና አልገባውም። የመደመር መሠረቱ ይህ ነው።

ተረት 2፦ በጣት መቁጠር ያሰንፋል።

እውነታው፦ 2 ሲደመር 7 የተባለ ጀማሪ ሁለቱንም በጣቱ አውጥቶ ከአንድ ይቆጥራል። ሲበረታ ከሰባት ይነሳና «ስምንት፣ ዘጠኝ» ይላል። ውሎ አድሮ መልሱ ሳይቆጥር ይመጣለታል። የተከለከለ ልጅ ጣቱን ጠረጴዛ ሥር ይደብቃል ወይም ይገምታል እንጂ አይፈጥንም። የሚያፈጥነው «ከትልቁ ጀምር» ብሎ ማሳየት ነው።

ተረት 3፦ «በለጠ» ሲል ደምር፣ «ቀረ» ሲል ቀንስ።

እውነታው፦ «ከድጃ 8 ብርቱካን አላት፤ ሰይድን በ3 ትበልጠዋለች። ሰይድ ስንት አለው?» ቃሉን ብቻ ያየ ልጅ 11 ይላል፤ መልሱ 5 ነው። ከመደመሩም ከመቀነሱም በፊት ታሪኩን በራሱ አባባል ይንገርዎ፣ ወይም በባቄላ ይደርድረው።

ተረት 4፦ መቀነስ የሚቻለው በመበደር ብቻ ነው።

እውነታው፦ ብዙ ልጆች 42 − 17ን 35 ይሉታል፤ ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉ። ይህ ግዴለሽነት ሳይሆን ቤተ አስርና ቤተ አንድን አለመለየት ነው። አስር አስር የታሰሩ 4 እስር እንጨቶችና 2 ነጠላ ይስጡት። አንዱን እስር ሲፈታ ነጠላዎቹ 12 ይሆናሉ፤ 7 ሲያነሳ 5፣ ከቀሩት 3 እስሮች 1 ሲያነሳ 2 እስር፤ 25።

ሌላም መንገድ አለ። ደሴ ሰኞ ገበያ ያለች ባለ ጉሊት ለ38 ብር አትክልት 50 ብር ስትቀበል አትበደርም፤ «40» ብላ 2 ብር፣ «50» ብላ 10 ብር ትሰጣለች። መልሱ 12 ብር ነው፤ በመደመር የተሠራ መቀነስ።

ተረት 5፦ ገበያ የሚውል ልጅ ክፍል ውስጥም ሒሳብ አይከብደውም።

እውነታው፦ በ1985 እ.ኤ.አ. በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በተደረገ የታወቀ ጥናት፣ ጎዳና ላይ የሚሸጡ ልጆች የሽያጭ ሒሳባቸውን 98 በመቶ ያህል በትክክል ሠሩ፤ ያው ስሌት ያለ ገበያው ታሪክ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን ወደ 37 በመቶ ወረዱ። በ2025 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የኮልካታና የዴሊ ጥናትም ተመሳሳይ ክፍተት አገኘ፤ የደብተሩን ሒሳብ የሚችሉት ተማሪዎች ደግሞ በገበያው ስሌት ተቸገሩ።

ድልድዩን የሚሠራው አዋቂ ነው። እናቱ ጉሊት አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ መልስ ከሰጠ በኋላ 50 − 38 = 12 ብሎ ይጻፈው፤ ደብተር ላይ ብቻ የሚሠራውም ሱቅ ይላክና መልሱን ራሱ ቆጥሮ ያምጣ።