ቧንቧ ብዙ የሚያፈሰው ሌሊት ነው

በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሆሳዕና ነዋሪ 31,701 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 69,995 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ከደቡብ አፍሪካ በሚላከው ገንዘብ ፎቆች ተነሡ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም ከተማዋ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆነች። የቤቱን መጨመር ሁሉም ያየዋል። የተቀበረው የውሃ መስመር ጫና ግን አይታይም።

ጫናው ደግሞ ከነዋሪው ቁጥር ፈጥኖ ይጨምራል። በአንድ ቧንቧ የሚያልፈው ውሃ እጥፍ ሲሆን ከቧንቧው ግድግዳ ጋር በሚፈጠረው ሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ እርጅና ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። ውስጡ 100 ሚሊ ሜትር የነበረ የብረት ቧንቧ በዝገት ቅርፊት ወደ 80 ሚሊ ሜትር ቢጠብ፣ በዚያው ግፊት የሚያሳልፈው ውሃ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በመስመር ጫፍና በከፍታ ላይ ያሉ ሰፈሮች ቀድመው የሚደርቁት ለዚህ ነው።

ዝገቱ ከውጭም ይመጣል። በሀድያና በከምባታ ደጋ ያለ ገበሬ አሲዳማ አፈርን በደንብ ያውቀዋል፤ ስንዴና ገብስ አልሰጥ ሲለው ኖራ ይበትንበታል። ያው እርጥብ አሲዳማ አፈር የጋልቫናይዝድ ቧንቧን የዚንክ ልባስ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ልባሱ ሲያልቅ ብረቱ ይጋለጣል፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበሳው ጥርስ በወጣለት መጋጠሚያ ላይ ነው፣ ብረቱ እዚያ ስስ ስለሆነ።

ትንሽ ቀዳዳ ትንሽ ጉዳት ይመስላል። ሒሳቡ ሌላ ይላል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ፣ ጋኑ ከቧንቧው 50 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ በሰዓት ወደ 1,300 ሊትር ታወጣለች። በቀን 32 ሺህ ሊትር ያህል ማለት ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 1,600 ጀሪካን። ቀን ቀን ነዋሪው ስለሚቀዳ ግፊቱ ይቀንሳል። ሌሊት ሁሉም ቧንቧውን ሲዘጋ ግፊቱ ይወጣል፤ ቀዳዳውም በሙሉ ኃይሉ ያፈሳል።

የሀድያና የከምባታ ከተሞች ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። ዱራሜ ያለችው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው የሀምበርቾ ተራራ አጠገብ ነው። በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ላይኛው ሰፈር ውሃ ሲያጣ ታችኛው ሰፈር ቧንቧው ከሚችለው በላይ ሊጨናነቅ ይችላል። በቁልቁለቱ መሐል ግፊት መቀነሻ ቫልቭ መግጠም ከጥገና ሁሉ ርካሹ ነው እላለሁ። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ከጠንካራ ቧንቧ ክብ ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያለ ስንጥቅ ግፊት ሲጨምር አብሮ ስለሚከፈት ቁጠባው ከዚያም ይበልጣል።

በጣም የሚያሳስበኝ ፈረቃ ነው። ውሃ ሲያንስ ለሰፈሮች በየተራ መልቀቅ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ቧንቧውን የሚያስረጀው ግን እሱው ነው። መስመሩ ሲራቆት አየር ይገባበታል። ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ መጋጠሚያዎቹን ይደበድባል፣ ቆጣሪውንም በባዶ ያሽከረክረዋል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆምም እንዲሁ ነው፤ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በቅጽበት ቢገታ የሚፈጠረው ምት ወደ 10 ባር ይደርሳል። ከሁሉ የከፋው የጤናው ጉዳይ ነው። በባዶ መስመር ውስጥ ግፊቱ ከውጭው ሲያንስ፣ ቀን ውሃ ያወጣ የነበረው ቀዳዳ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሰረገ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል፤ እንዲህ ያለ ፍሳሽ ያን ክሎሪን ይጨርሰዋል።

ታዲያ ጥገናው ከየት ይጀምር? ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ከመለካት። አንድ ሰፈር በቫልቭ ተለይቶ መግቢያው ላይ ትልቅ ቆጣሪ ይገጠምለታል፤ በመለኪያው ሰሞን ፈረቃ ተነሥቶ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ያድራል። በዚያ ሰዓት ቆጣሪው የሚያሳየው ውሃ፣ ሮቶ የሚሞላበት ቤት ተቀንሶ፣ አብዛኛው ፍሳሽ ነው። ቦታውን ለማግኘት ሠራተኞች የብረት ዘንግ ወይም የመሬት ማዳመጫ ይዘው ይሄዳሉ። የፍሳሽ ድምፅ በብረት ሩቅ ይጓዛል፣ በፕላስቲክ ቶሎ ይጠፋል። በበጋ ለብቻው ለምልሞ የሚታይ ሣርም ጥሩ ጠቋሚ ነው።

ቀዳዳው ሲገኝ በከመነዳሪ ጠቅልሎ መቅበር ለዛሬ ያሳድር ይሆናል፤ በልኩ የተሠራ ክላምፕ ብዙ ዓመት ይቆያል። በየወሩ የሚፈነዳ መስመር ግን ክላምፕ አያድነውም፣ መቀየር አለበት። ኤችዲፒኢ የሚባለው ጥቁር ፕላስቲክ ቧንቧ አይዝግም፤ ቀጫጭኑ በጥቅል ስለሚመጣ መጋጠሚያው ጥቂት ነው። ጫፎቹ በሙቀት ሲበየዱ ግን ጭቃና እርጥበት ብየዳውን ያበላሹታልና ሥራው ለበጋ ቢቀጠር ይሻላል። ኮብልስቶን የለበሰ መንገድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ድንጋዩ ተነሥቶ መልሶ ይነጠፋል፣ አስፋልት ግን ተቆርጦ ይጣላል።

የካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 ዋጋ ሳይከፈልበት የሚቀረው ውሃዋ 72 በመቶ ነበር። አሮጌ መስመር ቀየረች፣ ለሁሉም ደንበኛ ቆጣሪ ገጠመች፣ ፍሳሽ የሚያስሱ ቡድኖች አሰማራች፤ በ2008 ወደ 6 በመቶ አወረደችው። ይህን ያደረገችው ከጦርነት በወጣች ድሃ አገር ውስጥ ሆና ነው። ለሆሳዕና፣ ለዱራሜም ሆነ ለሾኔ አዲስ ጉድጓድ ሲታቀድ ከበጀቱ የተወሰነው አስቀድሞ ለቆጣሪ፣ ለቫልቭና የተቀበረው ቧንቧ የት እንዳለ ለሚያሳይ ካርታ ቢመደብ፣ አዲሱ ውሃ በአሮጌው ቀዳዳ አይፈስም።