ሲቲ ስካኑ «ንጹሕ ነው» ከተባለ በኋላ፦ የአንጎል የደም ፍሰት ምስል እንዴት ይሠራል?

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ኳስ ጨዋታ ላይ የቆመ ወላጅ ይህን ያውቀዋል። ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ይዘላሉ፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ይጋጫሉ። ሆስፒታል ሲሄዱ ሲቲ ስካኑ «ንጹሕ ነው» ይባላል። ሦስት ሳምንት ቢያልፍም ልጁን ግን ራሱን ያመዋል፤ ስክሪን ማየት ያስቸግረዋል። የእናት ጥያቄ አንድ ነው፦ «መቼ ነው የሚሻለው?»

ሲቲ ስካን ይህን አይመልስም። የሚያሳየው የአጥንት ስብራትንና የደም መፍሰስን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሃርድዌሩን። ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) ግን በአብዛኛው የሚያውከው የአንጎልን አሠራር ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ደሙ እንዴት እንደሚደርሰው መለካት ስለ አሠራሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ነገሩ መቀነስ ነው

ዘዴው አርቴሪያል ስፒን ሌብሊንግ ይባላል። በ1992 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች አንዱ አለን ኮሬትስኪ፣ በኋላ ለሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት በሆነችው ቤተስዳ፣ በብሔራዊ የጤና ተቋም ሠርቷል። መርፌም ጨረርም የለውም፦

1. ኤምአርአዩ በአንገት በኩል ወደ ላይ የሚያልፈውን ደም በሬዲዮ ሞገድ ምልክት ያደርግበታል።
2. ደሙ አንጎል እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ለልጆች የሚመከረው 1.5 ሰከንድ ነው።
3. ምስል ያነሳል፤ ከዚያ ያለ ምልክት ሌላ ያነሳል።
4. አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። የሚቀረው የደም ፍሰቱ ነው።

የጊት ዲፍ ማለት ነው። ችግሩ፣ ልዩነቱ ከጠቅላላው ሲግናል 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ አንስቶ አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል። ልጁ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ውጤቱ ይበላሻል።

ከቡድን ወደ አንድ ልጅ

ይህን ዘዴ በልጆች ላይ በሰፊው ከሞከሩት መካከል በካናዳ ካልጋሪ በካረን ባርሎው የተመራው ቡድን ይገኝበታል። በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ ሕመሙ ከሳምንታት በኋላም ያልለቀቃቸው ልጆች የደም ፍሰት ካልተጎዱት ልጆች ከፍ ያለ፣ የተሻላቸው ደግሞ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል።

እዚህ ጋ ዴቨሎፐሮች ቆም በሉ። የሁለት ቡድኖች አማካይ ተለያየ ማለት አንድን ልጅ በትክክል መመደብ ተቻለ ማለት አይደለም። የሁለቱ ቡድኖች ቁጥሮች ይደራረባሉ፤ ማሽኑና ዕድሜውም ውጤቱን ይለውጣሉ። «ይህ ልጅ ቶሎ አይድንም» ብሎ ለሐኪም የሚናገር ኮድ ከጻፋችሁ፣ የጻፋችሁት የሕክምና መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚመረምረው ኤፍዲኤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኋይት ኦክ ነው። በስህተት የተተነበየለት ልጅ ያለ ምክንያት ከትምህርት ይቀራል፤ ወይም ሳይድን ሜዳ ይገባል።

እናቲቱስ? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የ2018 መመሪያ እንደሚለው፣ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ልጆች ላይ ከ1 እስከ 3 ወር በላይ የሚቆይ ከባድ ችግር አይታይም። ልጁ እስኪሻለው ከጨዋታ ይራቅ፤ የሚመለሰውም ሐኪም ሲፈቅድ በደረጃ ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም አልነቃ ካለ ግን 911 ደውሉ።